ልጓሙ በማን እጅ ነው?

በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሥራህ ትንሽ ንገረን» ሲሉኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ልማዳችን የተሳካልኝን መዘርዘር ነበር። ሠላሳ ደቂቃ የሚሞላ ስኬት ስፈልግ ግን አጣሁ። (ሳቅ) ስለዚህ ያጠፋሁትን ልነግራችሁ መጣሁ። ጥፋቱ የመጣው የተማርኩትን ባለማወቄ አይደለም። የተማርኩትን ሳላላምጥ በመዋጤ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዛሬም የሚያስተምሩ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክሩ መምህራን አሉ። የእኔ ጥፋት ለእነሱና ለተማሪዎቻቸው ትምህርት ቢሆን ብዬ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። አንድ ተማሪ በሕይወቱ በሚደርሱት ነገሮች ላይ «እኔ ራሴ አዝዛለሁ» ብሎ የሚያምነው ምን ያህል ነው? ይህንንስ በምን እንለካዋለን? በሥነ ልቦና ትምህርት ሎከስ ኦፍ ኮንትሮል የምንለው ነው። በአማርኛ «የቁጥጥር ማዕከል» ሲባልም ሰምታችኋል። እኔ ግን በቅሎ እየጋለበ እንዳደገ የአርማጭሆ ሰው ልጠይቀው፦ ልጓሙ በማን እጅ ነው?

ሳንጃን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከጎንደር በትክል ድንጋይ አድርጋችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወርዱ የምታገኟት የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። «ስትወርዱ» ያልኩት በምክንያት ነው። ጎንደር ላይ የደረባችሁትን ጋቢ ሳንጃ ስትደርሱ የት እንደምትጥሉት ይጨንቃችኋል። አገሩ ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት ቆላ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይራገፋል። ስለዚህ ትምህርት በሚጀመርበት ሰሞን ብዙ ተማሪ ገና ማሳ ላይ ነው። ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት ልጆች ከተማ ውስጥ ለሁለት ለሦስት ሆነው ቤት ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት በእግራቸው ወደ ቤተሰብ ሄደው እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እንጀራው እስከ ረቡዕ ከቆየ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድርቆሽ ነው።

እኔም በሳይኮሎጂ ተመርቄ፣ በዚያ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ብርድ ልብስና ፎቶ ኮፒ የተደረገ መጠይቅ ነበረ። ብርድ ልብሱ ለምንም አልጠቀመኝም። መጠይቁ ግን ባልጠቀመ ብቻ ደግ ነበር፤ ጎዳ እንጂ።

የመጠይቁ አባት ጁልያን ሮተር የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው መለኪያ 29 ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ስድስቱ የመጠይቁን ዓላማ ለመሸፈን የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም፤ ነጥብ የሚይዙት 23 ናቸው። በእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው ዐረፍተ ነገር የሰውን ኑሮ ለገዛ ሥራው ይሰጣል። ሁለተኛው ለአጋጣሚ፣ ለዕጣ ወይም ጉልበት ላላቸው ሰዎች ይሰጣል። መላሹ አንዱን ብቻ ይመርጣል። ነጥቡ ከ0 እስከ 23 ነው። ከፍ ካለ ተማሪው «ውጫዊ» ይባላል፤ ልጓሙ ከእኔ እጅ ውጭ ነው ባይ ማለት ነው። ዝቅ ካለ «ውስጣዊ» ነው።

ሮተር ይህን ያመጣው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ፋርስ የሚባል ባልደረባው የሚያክመው አንድ ወጣት ነበር። ወጣቱ ሥራ ፈልግ ሲሉት ይፈልጋል፣ ያገኛልም። ግን «እንዲያው አጋጣሚ ነው» ይላል። ነገ ደግሞ እንደ አዲስ ተስፋ ይቆርጣል። ጥያቄው የተነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ሰው ያገኘውን ከሥራው ጋር ካላያያዘው፣ ስኬት ብቻውን ምን ያስተምረዋል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ዛሬም ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥፋቱ ጥያቄው ላይ አልነበረም።

መጠይቁን ራሴ ወደ አማርኛ መልሼ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አደልኩ። ጥቂት እንደቆየ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሁለቱም እውነት ከሆነስ?»

«ይበልጥ እውነት የመሰለሽን አክብቢ» አልኳት።

ትንሽ ቆይታ እንደገና እጇን አነሣች። «ይኼ ‹ሰው ከጣረ ያሰበበት ይደርሳል› የሚለው፣ ስለ እኔ ነው የሚጠይቀኝ ወይስ ስለ ሰው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለመሆኑ አንቺ ሰው አይደለሽም እንዴ አልኳት፤ እንደገና ተሳቀ። በዚያች አንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ስለ መለካት ሁለቱን ትልልቅ ጥያቄዎች የጠየቀችው እሷ እንደነበረች የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ነጥቧን ስደምር በጣም «ውጫዊ» ሆና ወጣች። በዚያው ሰሞን ለብሔራዊ ፈተና የከሰዓት ማጠናከሪያ ትምህርት ሊጀመር ነበር፤ ቦታው ውስን ስለነበረ «ይበልጥ የሚጠቀሙትን» እንድጠቁም ተጠየቅሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙያዬ ተፈለገ ብዬ ደስ አለኝ። ውጤታቸው ተቀራራቢ የሆኑትን በመጠይቁ ነጥብ ደርድሬ የስም ዝርዝር ሰጠሁ። የእሷ ስም አልነበረበትም። አንድ መምህር «ይቺን ልጅ ለምን ተውካት?» ሲለኝ፣ «ዕጣ ፈንታ አማኝ ናት፤ ብትገባም አትጠቀምበትም» አልኩት። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከወር በኋላ የታመመ ተማሪ ልጠይቅ ወደ አንድ ግቢ ስገባ፣ ልጅቱ ተከራይታ የምትኖረው እዚያው ኖሯል። በሩ ክፍት ነበር። ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የተሠራ ፕሮግራም ተለጥፏል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጥናት፣ 12 ሰዓት ውኃ መቅዳት፣ ከዚያ ትምህርት፣ ማታ እንጀራ መጋገር። እንጀራውን የምትጋግረው ለአንዲት ጠጅ ቤት ላላቸው ሴትዮ ነው። የቤት ኪራዩን የምትከፍለው በዚያ ነው። ታናሽ ወንድሟንም ይዛ ታስተምራለች። በዚያ ሰፈር ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ኑሮዋን በእጇ የያዘች ሰው ብትኖር እሷ ናት።

«ታዲያ ለምንድን ነው መጠይቁ ላይ እንደዚያ የመለስሽው?» አልኳት።

«መምህር፣ እኔ የምችለውን አደርጋለሁ» አለችኝ። «አባቴ ‹በቃ፣ ነይ› ካለኝ ግን መሄዴ ነው። ዝናቡ ከቀረ ደግሞ እሱም ወዶ አይደለም የሚለኝ። ታዲያ የትኛውን ላክብብ?»

ዝርዝሩን ላስቀይር ሞከርኩ። ቦታው ሞልቶ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱን ዘርዘር አድርገን እንየው።

አንደኛው ጥፋት የቃል ነው። ሮተር በአጋጣሚ መንፈስ የተጠቀመበትን ቃል እኔ «ዕድል» ብዬ መለስኩት። ዕድል በአማርኛ ስንት ነገር ነው? ሎተሪ ሲወጣ ዕድል ነው። ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ ተጻፈለት የምንለው የአርባ ቀን ዕድል ነው። «የትምህርት ዕድል አገኘች» ስንል ደግሞ በር ተከፈተላት ማለታችን ነው። ሦስት ተማሪዎች «ለመሳካት ዕድል ያስፈልጋል» የሚለውን ቢያከብቡ፣ አንዱ ስለ ሎተሪ፣ ሁለተኛው ስለ ዕጣ ፈንታ፣ ሦስተኛዋ በሠፈሯ ስለሌለው ቤተ መጻሕፍት እየነገሩኝ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። እኔ ለሦስቱም አንድ አንድ ነጥብ ሰጠሁ። «ቁጥጥር» የሚለውም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። የኛ ሰው ቁጥጥርን የሚያውቀው በኬላ ነው። «ሕይወቴ በቁጥጥሬ ሥር ነው» የሚለውን ሲያነብ አንዱ ተማሪ «ሕይወት ታሰረች እንዴ?» ብሎኛል። ትክክል ነው፤ በዜና «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ሲባል የሚሰማው ስለ ተያዘ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥፋት እግዚአብሔርን ከሎተሪ ጋር በአንድ ዓምድ መደመሬ ነው። ሳንጃም ሆነ ጎንደር ላይ «እግዚአብሔር ካለ» ወይም «ኢንሻአላህ» ሳይል ስለ ነገ የሚያወራ ልጅ አስተዳደግ የጎደለው ይመስላል። ያ አባባል ስንፍና አይደለም። «እሱ ያውቃል» የሚለው ገበሬ ጎሕ ሳይቀድ በሬውን ጠምዶ ይወጣል። «ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል» የሚለውን ተረታችንን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አሉ። መጠይቁ ግን ተረቱን ለሁለት ቆርጦ «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» ይላል። ደግሞ ውጫዊነት የእኛ የድሆቹ ጠባይ ብቻ ነው እንዳንል፣ ጂን ትዌንጊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ከ1960ዎቹ እስከ 2002 ድረስ እየዋሉ እያደሩ ይበልጥ ውጫዊ እየሆኑ እንደመጡ አሳይተዋል። እንግዲህ ነገሩ የዘመንና የኑሮ ጭምር ነው።

ሦስተኛው ጥፋት የልጅቱ ጥያቄ ነው፦ «ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ ሰው?» ፓትሪሻ ጉሪንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1969 የሮተርን መለኪያ በጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ላይ ሲመረምሩት ያገኙት ይህንኑ ነው። «እኔ» ብለው የሚጀምሩትና «ሰዎች» ብለው የሚጀምሩት ጥያቄዎች አብረው አይሄዱም። አንድ ተማሪ ስለ ራሱ «እችላለሁ» ብሎ፣ ስለ ዓለም ግን «አድልዎ አለበት» ሊል ይችላል። እንዲያውም ጥፋቱን በሥርዓቱ ላይ የሚያዩት ተማሪዎች መብታቸውን ለማስከበር በጋራ በመንቀሳቀስ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በሮተር አደማመር እነዚህ ልጆች «ውጫዊ» ናቸው፤ በሕይወት ግን እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ አይደሉም። ሃና ሌቨንሰን ደግሞ በ1970ዎቹ መለኪያውን በሦስት ከፈለችው፦ እኔ ራሴ፣ ኃይለኛ ሌሎች፣ እና አጋጣሚ። እያንዳንዱ ስምንት ጥያቄ አለው። «አባቴ ይወስናል» የምትል ልጅና «ሁሉም ሎተሪ ነው» የምትል ልጅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ አባቷን ማነጋገር ይቻላል። ሎተሪን ማን ያነጋግራል?

አራተኛው ጥፋት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ለጥናት የተሠራ መለኪያ ይዤ በአንዲት ልጅ ላይ ፈረድኩ። እንዲህ ያለ መጠይቅ የብዙ ተማሪዎችን አማካይ ለማነጻጸር ይረዳ ይሆናል። የአንድን ሰው በር ለመክፈትና ለመዝጋት ግን አልተሠራም። አንድ ልጅ ሰኞ ርቦት ሲመልስና ማክሰኞ ጠግቦ ሲመልስ ነጥቡ ሊለያይ እንደሚችል ማንኛችንም ከራሳችን እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲነገር፣ ከ100 ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንግዲህ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የምትማር ልጅ መጠይቅ ሰጥተናት «ማለፍና መውደቅ በእኔ ጥረት ብቻ አይወሰንም» ብላ ብትመልስ ምን እንበላት? ዕጣ አማኝ? ወይስ መቁጠር የምታውቅ? በዚያ ላይ በክልላችን ባለፉት ዓመታት በግጭት ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ታውቃላችሁ። በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት ተማሪን «ውስጣዊ ነህ ወይስ ውጫዊ?» ብሎ መጠየቅ፣ ወንዝ የሞላበትን መንገደኛ «ለምን አልተሻገርክም?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

«ታዲያ መለካቱን እንተወው ወይ?» የሚል ይኖራል። እኔ አልልም። ስሜቱ እውነት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1966 ጄምስ ኮልማን በአሜሪካ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን ባጠናበት ሪፖርት፣ በተለይ በጥቁሮችና በሌሎች አናሳ ወገኖች ልጆች ዘንድ «እኔ በኑሮዬ ላይ አዝዛለሁ» የሚለው ስሜት ከትምህርት ቤቱ ሕንፃና ቁሳቁስ ይልቅ ከውጤታቸው ጋር የጠበቀ ግንኙነት እንዳለው አገኘ። የለካው በጥቂት ቀላል ጥያቄዎች ነበር። ኮልማን ግን ሌላም ነገር ብሏል፦ ይህ ስሜት ከየትም አይመጣም፤ አካባቢው ለልጁ ጥረት መልስ ሲሰጠው የሚበቅል ነው። ይኼንን ሁለተኛውን ግማሽ ነው እኛ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ20 ቦታዎች 3,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል ኖሯል። ልጆቹን ከጠየቃቸው ነገሮች መካከል «ብትጥር ኑሮህን ማሻሻል ትችላለህ ወይ? ጊዜህን በምን እንደምታሳልፍ የሚወስነው ማነው? የምትሠራውን ሥራ መርጠህ ነው ወይስ ግድ ሆኖብህ?» የሚል መንፈስ ያላቸው ይገኙበታል። አያችሁ? ስለ «ሰው» አይደለም፤ ስለ ልጁ ነው። ስለ ዓለም ሥርዓት አይደለም፤ ስለ ውሎው ነው። ስቴፋን ዴርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን ከዚህ ጥናት በ2009 ባወጡት ጽሑፍ፣ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆች ዘንድ የቤቱ ድህነት ከዚህ ስሜት ጋር እንደተያያዘ አሳይተዋል። ድህነት እንጀራን ብቻ አይደለም የሚያሳንሰው ማለት ነው።

ሌላው የዶባ ወረዳ ነገር ነው፤ ምዕራብ ሐረርጌ። እ.ኤ.አ. በ2010 ተንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና አለማየሁ ሰይፉ ታፈሰ በ64 መንደሮች ለገበሬዎች አንድ ሰዓት ያህል ፊልም አሳዩ። አራት አጫጭር ታሪኮች ነበሩ፤ እንደ ተመልካቾቹ ካለ ኑሮ ተነሥተው በእርሻ ወይም በትንሽ ንግድ ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎች ታሪክ። ለንጽጽር ሌሎች ገበሬዎች እንዲሁ የሚያዝናና የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዩ። ከስድስት ወር በኋላ የሰዎቹን ታሪክ ያዩት ይበልጥ ቆጥበው፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ይበልጥ አውጥተው ተገኙ። ማንም ገንዘብ አልሰጣቸውም። «እንደ እኔ ያለ ሰው» ሲችል አዩ፤ በቃ። እርግጥ አንድ ፊልም ድህነትን አያጠፋም፤ ጥናት አድራጊዎቹም እንዲያ አላሉም። ግን ልጓሙ ጠፍቶ ሳይሆን እጁ ሳያየው የቀረበት ጊዜም እንዳለ ያስታውሰናል።

ይህ ነገር ለጎንደር እንግዳ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው አባት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት፣ ከአንድ ዓመት በፊት ደምቢያ ላይ ወባ ስንቱን ቤት ዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው መዓት መጣ ብሎ ነው የተቀበለው። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲልክ፣ «ይህ መዓት ትንኝ አለው፣ ትንኙም የሚራባበት ውኃ አለው» ማለቱ ነበር። ግን ገበሬውን «ጠባይህን አስተካክል» ብሎ አልተወውም፤ ጤና ጣቢያና መድኃኒትም ይዞ ሄደ። ዛሬ በእኛው ቆላ ሰሊጥ ሊያጭድ የመጣ የቀን ሠራተኛ ግራር ሥር ተኝቶ በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ ካላዛር ሲይዘው፣ «የታመመው ባለመጠንቀቁ ነው» ማለት ይቻላል? አጎበር ያለው ሰው ይጠንቀቅ። አጎበር የሌለውንስ በየትኛው ዓምድ እንደምረው?

እንግዲህ ለመምህሮቻችንና ለተመራማሪ ተማሪዎቻችን የምለው ይህን ነው።

አንደኛ፣ መጠይቅ ከመተርጎማችን በፊት ከልጆቹ ጋር እንቀመጥ። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በራሳቸው ቃል እንዲመልሱልን እንጠይቅ። «ዕድል» ሲሉ የትኛውን ዕድል ማለታቸው እንደሆነ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። አሥር ልጆች አንድ ከሰዓት ቢያወሩን፣ በኋላ የመጠይቁ አልፋ ለምን ዝቅ አለ ብለን ኮምፒዩተር ላይ ከምናፈጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ «እኔ»ን ከ«ሰው» እንለይ፤ ትምህርትን ከዝናብ እንለይ፤ አባትን ከአጋጣሚ እንለይ፤ እግዚአብሔርን ማመንን ከሁሉም እንለይ። ዐረፍተ ነገሩን ለሴት ልጅም በሴት አንቀጽ እንጻፈው።

ሦስተኛ፣ «ወይ ይኼ ወይ ያ» ማለቱን ትተን ደረጃ እንስጠው። ግን ይሉኝታችንን አንርሳ። መምህር ፊት ለፊት ቆሞ «እስማማለሁ» የማይል ልጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንዳንዱን ጥያቄ ገልብጠን እንጠይቅ፤ ስም አናስጽፍ።

አራተኛ፣ ከስሜቱ ጎን ልጁ በእርግጥ በእጁ ያለውን አብረን እንጻፍ። መጽሐፍ አለው? ማታ መብራት አለ? ስንት ሰዓት ይጓዛል? ከሰሊጥ አጨዳ መቼ ተመለሰ? ይኼ ሳይጻፍ የስሜቱ ቁጥር ብቻውን ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ በአንድ ተማሪ ላይ ውሳኔ ለመስጠት እንዲህ ያለ ነጥብ ከቶ አንጠቀም። ይኼንን ካጠፋ ሰው ስሙት።

ለቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ልመና አለኝ። ለትምህርት ቤቶቻችን መጽሐፍም ወንበርም ስጡ፤ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሄዳችሁም ታዩ። በስንቅና በድርቆሽ ተምራችሁ ዛሬ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ የሆናችሁ እዚህ አላችሁ። በዓመት አንድ ከሰዓት ወደ ወጣችሁበት ወረዳ ሄዳችሁ ለአሥረኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ንገሯቸው። «በጥረቴ ብቻ ነው» አትበሏቸው፤ ውሸት ነው፤ ማን በሩን እንደከፈተላችሁም ንገሯቸው። ስትወጡ ደግሞ እናንተም ለአንዱ በር ክፈቱ። ጥረትንና በርን አብሮ ያየ ልጅ ሁለቱንም በየስማቸው ይጠራቸዋል።

ልጨርስ። ያቺን ልጅ ከዓመታት በኋላ ጎንደር መናኸሪያ አገኘኋት። እኔ አላወቅኋትም፤ እሷ ናት «መምህር!» ብላ የጠራችኝ። የአሥረኛ ክፍሉን ፈተና አላለፈችም። ሰሊጥ ትነግዳለች። ታናሽ ወንድሟን አስተምራ አስመርቃለች፤ ያን ቀን የመጣችው እሱን ልትሸኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ፤ የማጠናከሪያውን ዝርዝር አነሣሁባት። ትንሽ ዝም አለች።

«አላወቅሁም ነበር» አለችኝ። «ቦታ ሞላ ነው የተባልኩት። እኔማ ‹ዕድሌ ነው› ብዬ ተውኩት።»

ያጣችው በእኔ መሆኑን ሳታውቅ «ዕድሌ ነው» ብላ ኖራለች። ያ ቃል ያኔ መጠይቄ ላይ ቢጻፍ ኖሮ አንድ ነጥብ ጨምሬ ይበልጥ «ውጫዊ» እላት ነበር። እንግዲህ መምህሮቼና ወንድሞቼ፣ እኅቶቼም፤ ተማሪ «ዕድሌ ነው» ሲለን ነጥብ ከመስጠታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ይህን ዕድል የሠራው ማነው? አንዳንዴ መልሱ እኛው ነን።